ስለ እኅታችን ኀዘን ለሥላሴ ማኅበርተኞች

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ።

እንደሰማችሁት መንዝ ያለችው እኅታችን ልጇን ቀብራለች፤ ገብሷንም ውርጭ መትቶታል። ልናጽናናት ስንሄድ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ «እግዚአብሔር ስለወደደው ወሰደው» ብለን አፏን አናዘጋት። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ሲቀመጡ ደግ አደረጉ። የተሳሳቱት ምክንያት ሊያስረዱት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ኢዮብ ራሱ «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔር ነሣ» ያለው ልብሱን ቀዶ፣ ራሱን ተላጭቶ ነበር። ጌታም አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል። እንግዲህ እንባዋን የእምነት ማነስ አድርገን አንይባት (እኛ አገር እንባ መዋጥ እንደ ጽናት ይቆጠራል፤ እኔ አይዋጥልኝም)። በአምላክ መግቦት የሚታመን ሰው ነገሩ ሳይገባውም ከእርሱ አይርቅም፤ ኢዮብ ሲሟገት እንኳ የሚሟገተው ከእርሱ ጋር ነበር።

ለአርባው እንጀራውንና ጠላውን እኛ እንቻል። ከውርጭ የተረፈውን ማሳ ማክሰኞ በደቦ እናጭዳለን፤ ከደብረ ብርሃን የምትመጡ ሰኞ ማታ ብትገቡ ይሻላል። ማጭድ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። በወሩ 7፣ በሥላሴ ዕለት፣ ጽዋ ስንጠጣ የሟቹን ክርስትና ስም በጸሎት እናነሣለን።