የከሰል ቆፋሪ አባት ቤት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ብሪታንያዋ ደቡብ ዌልስ የድንጋይ ከሰል ከተሞች ሲጻፍ ሁልጊዜ አደጋው ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1913 ሴንግኸኒድ በተባለው የዚያ አካባቢ መንደር 439 ማዕድን ቆፋሪዎች በፍንዳታ አልቀዋልና መነሳቱ ተገቢ ነው። የቤቱ ኑሮ ተዘሎ መቅረቱ ግን ያሳዝነናል፤ አባት የሚታወሰው በዕለት ተዕለቱ ነው።

በማዕድኑ ደጃፍ መታጠቢያ ከመሠራቱ በፊት አባት የከሰሉን ጥላሸት እንደለበሰ ቤቱ ይገባ ነበር። እናት ውሃውን አፍልታ ትጠብቀዋለች፤ የቆርቆሮው ገንዳ ከግድግዳው ሚስማር ወርዶ እሳቱ ፊት ይቀመጣል። መጀመሪያ ተንበርክኮ ከወገቡ በላይ ይታጠባል፣ ከዚያ ገብቶ የቀረውን። ጀርባን አዘውትሮ ማጠብ ጉልበት ያሳጣል ብለው የሚያምኑም ነበሩ። ወንዶች ልጆችም ቆፋሪዎች ከሆኑ ተራ በተራ ይታጠባሉ። የፈላ ውሃ በጠባብ ክፍል ሲመላለስ ሕፃናትን ያቃጥል ነበር፤ የእናቶችንም ወገብ ይጎዳል። ልብሱ ውጭ ግድግዳ ላይ ተመትቶ ይራገፋል፤ ውስጥ ከተራገፈ ብናኙ የታጠበውን ሁሉ ያጠቁራል።

የምሳ ዕቃው በዳቦ ቁራጭ ቅርጽ የተሠራ ቆርቆሮ ነበር፤ በጨርቅ የተቋጠረውን አይጥ ይበላዋል።

አባቱ ማዕድን ውስጥ ይይዘው የነበረው መብራት በእጁ የቀረ ሰው ነሐሱን ከመወልወል አልፎ ነበልባሉን የከበበውን የሽቦ ወንፊት ይመልከት። ወንፊቱ ሙቀቱን ስለሚበትን ነበልባሉ ከመብራቱ ውጭ ወዳለው ጋዝ አይሻገርም፤ ከተቀደደ ግን ይሻገራል። ከከሰሉ የሚወጣው ይህ ጋዝ፣ ሚቴን፣ አየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይፈነዳል። ጋዙ እዚያ መጠን ሳይደርስ አባት መኖሩን የሚያውቀው ዝቅ ባደረገው ነበልባል አናት ላይ በሚታየው ፈዛዛ ሰማያዊ ቆብ ነበር።