የአይሲቲ ክበብ ዘገባ፦ የጠፋውን ድረ ገጻችንን ፍለጋ

ዘንድሮ ክበባችን የያዘው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ የጠፋውን የትምህርት ቤታችንን ድረ ገጽ መመለስ። መስከረም ላይ ስንጀምር በሁለት ወር የምንጨርሰው መስሎኝ ነበር። ሰኔ ገብቶም አላለቀም።

ድረ ገጹ የጠፋው ዓመታዊ ክፍያው ሳይታደስ ቀርቶ ነው። ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) የያዘ ሰው አልነበረም። የቀረን ተስፋ ዌይባክ ማሽን የሚባለው፣ የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ የሚያሳየው የኢንተርኔት አርካይቭ አገልግሎት ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው ኢንተርኔት አርካይቭ በፈረንጆቹ ከ1996 ጀምሮ ድረ ገጾችን እየለቀመ ያስቀምጣል። ከ2001 ወዲህ ደግሞ ማንም ገብቶ ማየት ይችላል።

አድራሻችንን ጽፈን መጨረሻው ላይ ኮከብ ምልክት ስናደርግ የተቀመጡት ፋይሎች ዝርዝር መጣ። የኮምፒውተር ላቡ በጭብጨባ ተናወጠ። ከዚያ አንድ በአንድ መክፈት ስንጀምር ነገሩ ሌላ ሆነ። የፊት ገጹ ብዙ ጊዜ ተቀምጧል። ሦስት አራት ሊንክ አልፈው የሚገኙት ግን አንዴ ቢቀመጡ ነው፤ ጭራሽ የሌሉም አሉ። የፈተና ውጤት መፈለጊያው ሞቷል፤ ውጤቶቹ የተመዘገቡበት ዳታቤዝ ድረ ገጹ ከነበረበት ኮምፒውተር (ሰርቨር) ጋር ቀርቷል። አርካይቩ የሚያገኘው ለጎብኚ የሚታየውን ብቻ ነው።

በጣም ያስተማረን የምረቃው ዜና ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ገጹን ከፍታ ብዙ ካየችው በኋላ «ቲቸር፣ ይሄ ፎቶ የዚህ ዓመት አይደለም» አለችኝ። ከተመራቂዎቹ ጀርባ አዲሱ ቤተ መጻሕፍት ቆሟል። ዜናው ሲጻፍ ግን መሠረቱም አልተጣለም ነበር። የፎቶውን አድራሻ አየነው። እዚያ ያሉት 14 አሃዞች ፋይሉ አርካይቩ ውስጥ የተቀመጠበት ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃና ሰከንድ ናቸው። ጽሑፉና ፎቶው የተቀመጡት በሁለት ዓመት ልዩነት ነው። ለካ የፋይሉ ስም ሳይቀየር ፎቶው ተቀይሮ ኖሯል። አርካይቩም ያለውን ቅርብ ቀን ፈልጎ አጣምሮ ያሳያል። ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱን ፎቶ ቀን ሳናይ አንለጥፍም።

ከአሃዞቹ ቀጥሎ «አይ» እና «ዲ» የሚባሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት ከሥር ሰረዝ ጋር ብትጨምሩ ገጹ አርካይቩ የሚጨምርበት ነገር ሳይኖር በመጀመሪያ መልኩ ይመጣል። ይህን ቀድመን ብናውቅ ስንት ቀን በተረፈን!

ጥንታዊዎቹ ገጾች ሌላ ጣጣ ነበራቸው። ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ ከሚጋሩት የፊደል አሰያየም (ዩኒኮድ) ውጪ በሆነ ፎንት ስለተጻፉ አማርኛው የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ነው የሚታየው። ደግነቱ ጸሐፊዋ ቢሮ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ፎንቱን ይዞ ቆይቷል። አንዱ እያነበበ ሌላው እየጻፈ፣ መብራት በሄደ ቁጥር እየጠበቅን፣ በዩኒኮድ እንደገና ተየብናቸው።

ጥር ላይ ልጆቹ ተከራከሩ። የርእሰ መምህሩ ንግግር ግማሹ የለም። አንዳንዶቹ አሟልተን እንጻፈው አሉ። እኔ አልተስማማሁም፤ ሰውየው ያልተናገሩትን በስማቸው ማስገባት ነው። ቦታው ባዶ ሆኖ «ቀሪው አልተገኘም» ተብሎ ተጽፎበታል።

ከፎቶዎቹ ብዙዎቹ የተገኙት በትንሽ መጠን ብቻ ነው፤ ትልቁ ቅጂ አልተቀመጠም። ዝርዝራቸውን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፈናል። ቤታችሁ አልበም ያላችሁ፣ ታላላቅ እህት ወንድሞቻችሁ እዚህ የተማሩ፣ እባካችሁ አምጡልን። እዚያው ስካን አድርገን እንመልስላችኋለን። ላቡ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ክፍት ነው።