የ21 ዓመቱን ክልከላ ማታ ማን ይጠብቀዋል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥ ከልክሏል። የቢራ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን የወጣውም በዚሁ አዋጅ ነው። ማስታወቂያው ቶሎ ቆመ፤ ጣቢያዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ያስተላለፉትንም ሁሉም ይሰማል። የዕድሜው ክልከላ ግን የሚከበረው ወይም የሚጣሰው በየግሮሰሪው፣ በየሱቁና በየአረቄ ቤቱ፣ በየምሽቱ ነው። ስለ ወጣቶችና መጠጥ ሲነሳ ምክር ይበዛል። እኔ የምጽፈው ስለ ቁጥጥሩ አሠራር ነው።

ትልቁ ክፍተት ሰዓቱ ነው። የመንግሥት ሥራ 11:30 ላይ ያበቃል። ከምሳ በኋላ ጫት ላይ የተቀመጠ ወጣት ለ«ጨብሲ»፣ ማለትም ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር፣ የሚነሳው ተቆጣጣሪው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ምርቃናው ስካሩን ስለሚሸፍንበት ገና አልያዘኝም እያለ ይደጋግማል። አልኮሉ ግን ይቆጠራል፦ 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ውስጥ 13 ግራም ንጹሕ አልኮል አለ። ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው። ሦስት ጠርሙስ የጠጣ ሰው ከሰውነቱ እስኪወጣለት ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል፤ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር አያፋጥነውም። 45 በመቶ የሚደርስ ዳግም አረቄ ሲሆን ደግሞ 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ወደ 18 ግራም ይይዛል። ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ይበልጣል፣ ዋጋው ግን ያንሳል። ኪሱ የሳሳ ተማሪ ወዴት እንደሚያዘነብል አያጠራጥርም። ስለዚህ የቢራ ታክስ ጨምሮ አረቄ ቤቱን መተው ወጣቱን ወደ ባሰው መጠጥ መግፋት ነው።

መታወቂያ መጠየቅ ቀላል ይመስላል፤ የሚሳሳተው ግን ስሌቱ ላይ ነው። የቀበሌ መታወቂያ ላይ 1999 ዓ.ም. የሚል የልደት ዘመን ያየ አስተናጋጅ፣ ስልኩ ላይ ካለው 2026 ላይ ሲቀንስ 27 ዓመት ያገኛል። ልጁ ግን 19 ዓመቱ ነው። መድኃኒቱ ባንኮኒው ጀርባ በትልቁ የተጻፈ፣ በየመስከረሙ የሚቀየር አንድ ወረቀት ነው፤ የ2018 ዓ.ም. ቁጥር 1997 ነው። ከ1997 ዓ.ም. በኋላ ለተወለደ አይሸጥም፤ በ1997 ለተወለደ ወሩና ቀኑ ይታያል። ፓስፖርት ያሳየ ሰው ግን የልደት ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ከዚህ ቁጥር ጋር አይነጻጸርም። ሃያ አምስት የማይሞላው የሚመስል ሁሉ ይጠየቅ፤ አንዱ አዝዞ አምስቱ በሚጠጡበት ጠረጴዛ ደግሞ አምስቱም ይጠየቁ።

ይህ መፈጸሙ የሚታወቀው በሙከራ ግዢ ነው። ከ18 እስከ 20 ዓመት የሆነው ፈቃደኛ ወጣት የራሱን እውነተኛ መታወቂያ ይዞ ይገባል፣ አንድ ቢራ ያዛል፣ ዕድሜው ከተጠየቀ አይዋሽም፣ የመጣለትን አይጠጣም። ተቆጣጣሪው ራቅ ብሎ ተቀምጦ ሰዓቱንና የሆነውን ይመዘግባል፤ ውጤቱም በዚያው ምሽት ለባለቤቱ በጽሑፍ ይሰጣል። የመጀመሪያው ጥፋት ማስጠንቀቂያ ይሁን፤ በሦስት ወር ውስጥ ግን ሳይነገር ተመልሶ መታየት አለበት። አንዴ ታይቶ የተተወ ቤት በሁለተኛው ሳምንት ወደ ልማዱ ይመለሳል።

ቅጣቱ በአስተናጋጇ ላይ እንዳያርፍ አጥብቄ አሳስባለሁ። በጉርሻ የምትኖር፣ ብዙ ጊዜ ራሷም 21 ያልሞላት ልጅ ደንበኛ መልሳ ብታስቀይም አሠሪዋ አይደግፋትም። ተጠያቂው ባለፈቃዱ ነው፤ መያዣውም በየዓመቱ የሚታደሰው ንግድ ፈቃድ ነው። ንግድ ቢሮ ከማደሱ በፊት የዓመቱን የሙከራ ግዢ መዝገብ ቢያይ ባለቤቱ ራሱ መታወቂያ ጠያቂ ይሆናል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣችው ሕግ የ21 ዓመትን ገደብ በሁሉም ክፍለ ግዛቶች ያስከበረችው፣ ያልተቀበለው የፌዴራል የመንገድ በጀት እንዲቀነስበት በማድረግ ነው። እኛም ባለፈቃዱ የሚፈራውን ነገር መያዝ አለብን።

ዩኒቨርሲቲዎችን በተመለከተ አንድ ነገር አይዘግይ። ዶርም ውስጥ ጓደኛው ራሱን የሳተበት ተማሪ ዲሲፕሊን ኮሚቴን ፈርቶ በሩን ይዘጋል፤ ይተኛ፣ ያልፍለታል ይላል። ሰው የሚሞተው በዚህ ነው፤ በጀርባው እንደተኛ ያስመልሰውና ትውከቱ አየር ይዘጋበታል። ማድረግ የሚገባው በጎኑ ማስተኛት፣ ብቻውን አለመተው፣ በግድ አለማስመለስ ነው። ሲቀሰቅሱት ካልነቃ ወይም በደቂቃ ከስምንት ጊዜ በታች ከተነፈሰ ጊዜ ሳያጠፉ 907 ደውሎ የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥራት ይገባል። እርዳታ የጠራ ተማሪም ሆነ የታመመው በዚያ ምሽት ስለ መጠጣታቸው እንደማይቀጡ በተማሪዎች መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ፤ ስልክ ቁጥሩም በየዶርሙ በር ላይ ይለጠፍ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ፣ አዲስ አበባ