ያንን ጣሪያ ከማፍረስህ በፊት

ይድረስ ለወንድም ዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እትዬስ፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ከረምኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በለኝ። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ የሰማሁት ወሬ ነው። ቃሊቲ ያለውን የአያትህን የቡና ማበጠሪያ አፍርሳችሁ ፎቅ ልትሠሩ፣ መግቢያው ላይም የድርጅቱን ታሪክ በእብነ በረድ ልታስቀርጹ ነው አሉ። እብነ በረዱን ከማዘዝህ በፊት ይህን እስከ መጨረሻው አንብብልኝ። ልታስቀርጸው ያሰብከው ታሪክ የተጻፈው በዚያ ግንብ ላይ ነው።

ከቦታው ልጀምር። ለሰው የሚመስለው አያትህ ቃሊቲን የመረጡት መሬቱ ርካሽ ስለነበረ ነው፤ ምክንያታቸው ግን መንገዱ ነው። ከሲዳማና ከጌዴኦ የሚመጣ ቡና በሞጆ በኩል ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው አቃቂንና ቃሊቲን ነው፤ ተበጥሮ ወደ ጅቡቲ ሲላክም የሚመለሰው በዚያው መንገድ ነው። መርካቶ ድረስ አስገብቶ መልሶ ማውጣት በአንድ ጆንያ ላይ ሁለት ጊዜ የጭነት መክፈል ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የ784 ኪሎ ሜትሩ ባቡርም በአቃቂ በኩል ነበር የሚያልፈው።

አሁን ማማውን እይ። ጠባብና ረጅም የሆነው ለውበት አይደለም። በባልዲዎች የሚሠራው ኤሌቫተር ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ከላይ አቧራና ጭራሮ የሚያወጣው ማበጠሪያ፣ ከሥሩ ድንጋይ መለያው፣ ቀጥሎ መፈልፈያው፣ ከዚያ ወንፊቶቹ፣ መሬት ላይ ፍሬውን በክብደት የሚለየው ጠረጴዛ፣ ግራቪቲው። ማሽኖቹን በአንድ ወለል ላይ ብትደረድራቸው በየመካከላቸው ሌላ ኤሌቫተር ያስፈልጋል፤ ፍሬውም በየባልዲው እየተመታ ይሰበራል፤ የመብራት ወጪውም ይጨምራል። ከ100 ኪሎ ጀንፈል የሚወጣው ፍሬ ቡና 50 ኪሎ ገደማ ነው፤ የቀረው ገለባ ነው። የገለባው መውጫ ቧንቧ ከቡናው መውረጃ የሰፋው ለዚህ ነው። ያ ቧንቧ ከታፈነ መፈልፈያው ይግላል፤ የጋለ መፈልፈያ ደግሞ ፍሬውን ያነጣዋል። እርጥበቱ ከ12 በመቶ በላይ የሆነ ጀንፈል እዚያ ውስጥ ይጨፈለቃል፤ ከ10 በታች የወረደውም ይሰባበራል። ስለዚህ መፈልፈያውን ከመውቀስ በፊት እርጥበቱን መለካት ነው።

ወንፊቶቹ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳው መጠን ነው። 14 ቁጥር ማለት 14/64 ኢንች፣ ወደ 5.6 ሚሊ ሜትር ነው። ግራቪቲው ግን በመጠን ሳይሆን በክብደት ነው የሚለየው። ጠረጴዛው እየተንቀጠቀጠ ከሥሩ ነፋስ ይነፋበታል፤ ከባዱ ፍሬ ጠረጴዛውን ይዞ ወደ ከፍታው ይወጣል፤ በነቀዝ የተበላውና ባዶው ተንሳፍፎ ወደ ዝቅታው ይንሸራተታል። ነፋሱ ሲበዛ ሁሉም ይንሳፈፋል፤ ሲያንስ ሁሉም ይተኛል፤ በሁለቱም መለየት የለም። ማሽኑ አረጀ ተብሎ የሚጣለው ብዙ ጊዜ ነፋሱን የሚያስተካክል ሰው ጠፍቶ ነው።

ከሁሉ የሚቆረቁረኝ የተበላሸ ፍሬ በእጅ የሚለቀምበት የለቀማው አዳራሽ ነው። ጣሪያው እንደ መጋዝ ጥርስ የተሠራው፣ መስታወቱም በሙሉ ወደ ሰሜን የዞረው ለለቃሚዎቹ ዓይን ነው። ቀጥተኛ ፀሐይ ሲያርፍበት እያንዳንዱ ፍሬ ጥላ ይጥላል፤ ጥላ ውስጥ ያለው ደህና ፍሬ ጥቁር ይመስላል፤ ቀላ ያለው ደግሞ ነጸብራቅ ውስጥ ይደበቃል። የታጠበ ቡና አንደኛ ደረጃ የሚባለው በ300 ግራም ናሙና ከ0 እስከ 3 ጉድለት ሲገኝበት ነው። 300 ግራም ወደ ሁለት ሺህ ፍሬ ነው። ከሁለት ሺህ ውስጥ አራተኛዋን አይቶ የሚያነሳ ዓይን ብርሃኑ እኩል ካልሆነለት አይችልም። አንዲት የገማች ፍሬ ደግሞ ስኒውን ብቻ ሳይሆን የቀማሹን እምነት ታበላሻለች።

የጣሪያውን ንድፍ ጉድለትም ልንገርህ፤ አሠራሩ የተቀዳው ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ ከምትሄድበት አገር ነው። አዲስ አበባ ያለችው በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ስለሆነ ከሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ እስከ ነሐሴ ማብቂያ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነች። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴን ደመናው ይሸፍንልናል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ግን ፀሐይዋ በመስታወቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ታርፋለች። መስታወቱ ላይ በየዓመቱ ይቀባ የነበረው ኖራ የድህነት ምልክት እንዳይመስልህ፤ መፍትሔው እሱ ነው። ከለር ሶርተር፣ ፍሬውን በቀለሙ የሚለየውን ማሽን፣ ብታስገባም አዳራሹን አታፍርሰው። ማሽኑ የማማው ንቅናቄ ሳይደርስበት፣ አቧራ ሳይኖርበት፣ የማይዋዥቅ መብራትና ደረቅ የታመቀ አየር አግኝቶ መቀመጥ ይፈልጋል፤ ከዚያ አዳራሽ የተሻለ ቦታ ግቢው ውስጥ የለህም። እሱ የሳተውን የሚያነሱ ለቃሚዎችም ከጎኑ ያስፈልጉሃል።

ግድግዳው ሥር ያሉትን ትናንሽ የእንጨት ሳጥኖች ማገዶ ልታደርጋቸው እንደሆነም ሰምቻለሁ። እባክህ ተዋቸው። የእያንዳንዱ አቅራቢ ቡና ከሌላው ሳይቀላቀል የሚቀመጥባቸው ነበሩ። በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመው የምርት ገበያ ቡና ማገበያየት ሲጀምር ቡናው በደረጃው ተቀላቅሎ መምጣት ጀመረ፤ ሳጥኖቹም ሥራ ፈቱ። በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1051 በቀጥታ መላክን ከፈቀደ ወዲህ ግን ገዢ የሚጠይቀው ቡናው ከየትኛው ቀበሌ፣ ከማን ማሳ እንደመጣ ነው። ያኔ ድካም ብቻ ይመስል የነበረው አሠራር ዛሬ ዋጋ የሚያወጣው እሱ ነው።

ለእብነ በረዱ ዓመተ ምሕረት ከፈለግህ አንዱን አትዝለል። በሐምሌ 1967 የብራዚልን ፓራና ውርጭ መታት፤ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት የዓለም የቡና ዋጋ ሰማይ ነካ። በዚያው ወር ነው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የተወረሰበት አዋጅ 47/67 የወጣው። የአያትህ ግንብ ዋጋው ከምንጊዜውም በላይ ሊሆን በተቃረበበት ወር ከእጃቸው ወጣ። ይህን ሳይጽፉ የዚያን ቤት ታሪክ መጻፍ ይከብዳል።

የፒያሳውን ቶሞካ አስበው። እ.ኤ.አ. በ1953 የተቋቋመ ነው፤ ስሙም ከጣሊያንኛ የተውጣጣ፣ ዘመናዊ የቡና መቁያ ማለት ነው። ስሙ ሲነሳ ሰው የሚያስበው ቆሞ የጠጣባትን ክፍል ነው። የእናንተም ስም የሚታወሰው በማማው ነው።

መጠገን ያለበት ግን አለ። መጋዘኑ ቆርቆሮ ከሥሩ ኮርኒስ የለውም። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ የውስጡ እርጥበት ላብ ሆኖ ኬሻው ላይ ይንጠባጠባል፤ የላይኛው ረድፍ የሚሻግተው በዚህ ነው፤ ሰው ግን ዝናብ አፈሰሰ ይላል። ኮርኒስ አስገባ፤ ለሞቃቱ አየር ከላይ መውጫ ተው፤ ኬሻዎቹን ከግድግዳ 50 ሳንቲ ሜትር አርቀህ በእንጨት ርብራብ ላይ ደርድር። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚይዙ 320 ኬሻዎች ይገቡበታል፤ ከነዚያ አሥሩ ከሸተቱ ገዢው ሁሉንም ይጠራጠራል።

በምሥራቁ ግድግዳ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ ሰያፍ የወጣው ስንጥቅ «ይፍረስ» ያሰኘህ ከሆነ፣ የአቃቂ ዋልካ አፈር ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። መሐንዲስ ከመጥራትህ በፊት ስንጥቁን አቋርጠህ ሁለት ቦታ ቀጭን መስታወት በጀሶ ለጥፍ፤ ቀኑን ጻፍበት። ጥር ላይ አንዴ፣ መስከረም ላይ አንዴ እየው። እየተከፈተ እየተዘጋ ከሆነ የአፈሩ ነገር ነው፤ በግድግዳው ዙሪያ ዋልካውን አስወጥተህ ገረጋንቲ መሙላት፣ የጣሪያውንም ውሃ በቦይ ማራቅ ይበቃ ይሆናል። ሁልጊዜ ወደ አንድ በኩል ብቻ የሚሰፋ ከሆነ መሠረቱ እየሰመጠ ነው፤ ያኔ መሐንዲሱን ጥራ።

ጀሶውን ስትለጥፍ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ የስንጥቁን ስፋትም ለካው። እትዬን ጉልበት ስመህ ሰላም በልልኝ።

የማይረሳህ ወንድምህ