ኪቦርዱ «መዝግብ» የሚለውን ለምን ይሸፍናል? ለእህል ግዢ መመዝገቢያ አፕ ደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን ከቡሬም፣ ከደንበጫም፣ ከሞጣም የሚደርሰን ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። «ዋጋ ልጽፍ ስነካው ኪቦርዱ ይወጣና ‹መዝግብ› የሚለውን ቁልፍ ይሸፍንብኛል፤ አንድ በሉኝ እንጂ!» የምትሉን ብዙ ናችሁ። አዲሱ የአፑ ዕትም ፕሌይ ስቶር ላይ ወጥቷል። ምኑ እንደተስተካከለና ምኑ በእኛ እጅ እንዳልሆነ እንንገራችሁ።

ኪቦርዱ የአፓችን አካል አይደለም። ስልካችሁ ላይ ለብቻው የተጫነ ሌላ አፕ ነው። እኛ ውጣ ወይም ግባ ብለን እንጠይቀዋለን፤ ቁጥር ነው የምንፈልገው ወይስ ፊደል የሚለውንም እንነግረዋለን። መልኩን፣ ቁመቱን፣ የቁልፎቹን አቀማመጥ የሚወስነው ግን ራሱ ነው። በተዋሰው በሬ የሚያርስ ሰው እንደ ልቡ አይገርፍም፤ የእኛም ነገር እንደዚያው ነው። አንድ አፕ በእናንተ ስልክ ላይ አንድ ዓይነት፣ በጎረቤታችሁ ስልክ ላይ ሌላ ዓይነት ኪቦርድ የሚያወጣው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ «መዝግብ» እንምጣ። እስካሁን ኪቦርዱ ሲወጣ ስክሪኑን ወደ ላይ የሚገፋው አንድሮይድ ራሱ ነበር። የሚገፋው ደግሞ እየጻፋችሁበት ያለው ሳጥን እስኪታይ ብቻ ነው። ከሳጥኑ በታች ያለው ነገር አያስጨንቀውም። የዋጋ ሳጥን የመጨረሻው ስለሆነ እሱ ይታያል፣ «መዝግብ» ግን ከኪቦርዱ ሥር ይቀራል። በአዲሱ ዕትም ይህን ሥራ ከአንድሮይድ ተረክበነዋል። አፑ የኪቦርዱን ቁመት እየለካ «መዝግብ»ን ከኪቦርዱ አናት ላይ ያስቀምጠዋል። አንድሮይድ 11 እና ከዚያ በላይ ባላቸው ስልኮች ቁልፉ ከኪቦርዱ ጋር አብሮ ይንሸራተታል። በድሮዎቹ ላይ ትንሽ ዘለል ይላል፤ ሥራ ግን አያስተጓጉልም።

ሥራው ለሌላም ምክንያት ግድ ነበር። ከነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሌይ ስቶር ላይ የሚወጣ ዕትም ሁሉ ለአንድሮይድ 15 ወይም ከዚያ በላይ የተዘጋጀ መሆን አለበት። እንዲህ የተዘጋጀ አፕ ደግሞ አንድሮይድ 15 እና ከዚያ በላይ ባላቸው ስልኮች ላይ ስክሪኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይይዛል፤ ለኪቦርዱ ቦታ መልቀቅም የራሱ የአፑ ጣጣ ነው።

«ተመለስ» የሚለውም ብዙ ሰው ያስመርራል። ሸማቹ በአንድ እጁ ሚዛን፣ በሌላው ስልክ ይዟል፤ ጣቱ አቧራ ነው። ኪቦርዱን ለመዝጋት «ተመለስ»ን ይነካል። የነካ ስላልመሰለው ይደግማል። የመጀመሪያው ንክኪ ኪቦርዱን ይዘጋል፣ ሁለተኛው ገጹን። የገበሬው ስም፣ ኪሎው፣ ዋጋው በአንድ ጊዜ ውሃ በላው። ይህን ቅደም ተከተል የሚወስነው አንድሮይድ ነውና አንለውጠውም። ስለዚህ ያልተመዘገበ ነገር ካለ አፑ ሳይጠይቃችሁ አይወጣም፤ «ልጣለው?» ይላል። ጥያቄው የሚያሰለቻችሁ ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልን፣ አናነሳውም። አንድ ኩንታል ማኛ ጤፍ ሳይመዘገብ ከሚቀር አንድ ጊዜ ተጨማሪ መንካት ይሻላል።

ስልክ ቁጥር ላይ የመደወያው ዓይነት ሰሌዳ፣ ክብደትና ዋጋ ላይ ደግሞ ነጥብ ያለው የቁጥር ሰሌዳ ይወጣል። አንዳንዱ ኪቦርድ ሰረዝና ኮማም ይጨምርበታል። ብትነኩትም ችግር የለም፣ የማይገባውን አፑ አይቀበለውም። ከአንዱ ሳጥን ወደሚቀጥለው ለመሄድ ከኪቦርዱ በስተቀኝ ታች ያለውን ቀስት ንኩ። ስክሪኑን በጣት ማሳደድ ቀረ።

ስም መጻፍ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ የራሱ ጠባይ አለው። በላቲን ፊደል እየነካችሁ የምትጽፉበት ዓይነት ከሆነ «ሙሉ» ለማለት መጀመሪያ «ም» ይመጣል፣ ከዚያ «ሙ»፣ «ሙል»፣ በመጨረሻ «ሙሉ»። አፑ በየፊደሉ እየተጣደፈ ቢፈልግ መጀመሪያ የ«ም» ስሞችን ይደረድርና ያደናግራችኋል። ስለዚህ ጣታችሁ ጥቂት እስኪያርፍ ይጠብቃል። መዘግየት ሳይሆን ትዕግሥት ነው። «ኃይሉ»ን «ሀይሉ» ብላችሁ ብትፈልጉትም ታገኙታላችሁ፤ መዝገቡ ላይ ግን በተጻፈበት ሆሄ ይቆያል።

የራሳችሁን ኪቦርድ አፑ ውስጥ ሥሩ ያላችሁን አላችሁ። ለቁጥር ብቻ ቢሆን ቀላል ነው፣ የይለፍ ቁጥር የሚጠይቁ አፖች ያደርጉታል። ለስም ግን 231ዱን ፊደል እንደ አዲስ መደርደር ሊሆን ነው። እናንተም እጃችሁ የለመደውን፣ በድምፅ መጻፉንም ትታችሁ እንደ አዲስ መማር ነው። አላዋጣንም፣ ትተነዋል።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንለምናችሁ። ኪቦርድ የምትጽፉትን ሁሉ ያያል። የገበሬውን ስልክ፣ የዕለቱን ዋጋ፣ ሁሉንም። አፓችን ኪቦርዱን «ከዚህ ገጽ የተጻፈውን አትማር» ይለዋል። ትእዛዝ ሳይሆን ልመና ነው፤ ጨዋ ኪቦርድ ይሰማል፣ ባለጌው አይሰማም። ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ኪቦርድ አትጫኑ። አንድሮይድም አዲስ ኪቦርድ ስታበሩ የምትጽፉትን ሊሰበስብ እንደሚችል ያስጠነቅቃችኋል። ያንን ጽሑፍ ሳታነቡ «እሺ» አትበሉት።

አይፎን የያዛችሁ ጥቂቶች፣ የእናንተ የቁጥር ሰሌዳ «ጨርስ» የሚል ቁልፍ የለውም። ከሰሌዳው በላይ እኛ ጨምረንላችኋል።

አዲሱን ዕትም ጭናችሁ አሁንም «መዝግብ» ከተሸፈነ፣ ኪቦርዱ ከታች ተለጥፎ ነው ወይስ መሐል ስክሪን ላይ ተንሳፎ? ተንሳፎ ከሆነ ቁመቱን ለአፓችን አይናገርም። ከሥሩ ባለው መያዣ ጎትታችሁ ወደ ታች መልሱት። መጋዘን ውስጥ በብሉቱዝ የተያያዘ እውነተኛ ኪቦርድ የምትጠቀሙ ደግሞ የስክሪኑ ኪቦርድ ባይወጣ አትደንግጡ፤ አንድሮይድ ካላዘዛችሁት ሁለቱን ባንድ ላይ አያወጣም። ከፈለጋችሁት የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ማብራት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እንቢ ካለ ስክሪኑን ፎቶ አንስታችሁ በተለመደው የቴሌግራም አድራሻችን ላኩልን። የስልኩን ዓይነትና የኪቦርዱን ስም አብራችሁ ጻፉ። ደብረ ማርቆስ ለገበያ ከመጣችሁም ስልኩን ይዛችሁ ቢሮ ጎራ በሉ።

ከአክብሮት ጋር
የአፑ ሠሪዎች፣ ደብረ ማርቆስ