ጎንደር «ችግሩ አይታይም» ያላችሁ ማን ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የመርሳት በሽታ ላለባቸው ወላጆች መጦሪያ ስለመምረጥ ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። እየዞራችሁ ጎብኙ፣ አወዳድሩ፣ የግቢውን አበባ እዩ፣ ከዚያ ምረጡ ይላል። እኔ የምኖረው ጎንደር ነው። ከምኑ ከምኑ ልምረጥ? ማራኪም አዘዞም ጠይቄያለሁ፤ ለዚህ በሽታ ተብሎ የተከፈተ ቤት አላገኘሁም።

ይህን እንኳ ባለፍኩት ነበር። ያበሸቀኝ መጨረሻው ላይ ጣል ያደረጋችኋት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «እንደ ጎንደር ባሉ የክልል ከተሞች ግን ቤተሰብ አረጋውያንን በደስታ ስለሚጦር ችግሩ እምብዛም አይታይም።»

በደስታ! ማንን ጠይቃችሁ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ በሽታ ጋር የሚኖረው ሰው 57 ሚሊዮን ነበር፤ ከ60 በመቶ በላዩ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ጎንደር ላይ ሲደርስ ተመለሰ መሰላችሁ?

አይታይም ማለቱስ እውነት ነው። በር ቆልፈን ስለያዝነው ነው የማይታየው። አባቴ ሲመሽ ይብስባቸዋል። 12 ሰዓት ገደማ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው «በሉ እንግዲህ መሸ፣ ወደ ቤቴ ልሂድ» ይላሉ። ሳሎናቸው ውስጥ ቆመው! «ቤትዎ እኮ ይኸው ነው» ካልኳቸው ይቆጣሉ፣ ይገፈትሩኛል። ስለዚህ አልከራከርም። ክንዳቸውን ይዤ ግቢውን አንድ ዙር እናዞረውና የገዛ በራችንን አንኳኩተን እንገባለን። «ደረስን አባዬ» እላለሁ። «ተመስገን» ብለው ይቀመጣሉ።

ቀን ደግሞ ሌላ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አቋቋም ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸውና ዳዊቱን በቃላቸው ሲወጡት አንድ ቃል አይስቱም። ምሳ በልተው እጃቸው ሳይደርቅ ግን «ዛሬ ጦሜን ልታውይኝ ነው?» ይሉኛል። ጎረቤት ይህን አይሰማም። ጎረቤት የሚሰማው ዳዊቱን ነው። «የኔታማ ምን ሆኑ ትያለሽ፣ ይኸው እየደገሙ አይደል!» ይለኛል። በልጅነት የገባ ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚወጣው፤ በሽታው የሚጀምረው ከቅርብ ከቅርቡ ነው። ጎረቤቴ ይህን ባያውቅ አልፈርድበትም። የጤና ዓምድ የሚጽፍ ሰውስ?

በደስታ ይጦራል የተባለው ቤተሰብ እንግዲህ እኔ ነኝ። ወንድሞችማ አሉኝ። አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ውጭ አገር። በስልክ ግሩም አድርገው ይጦራሉ። ብርም ይልካሉ፣ አይካድም። ጽሑፋችሁን የላከልኝም አዲስ አበባ ያለው ነው፤ «አየሽ፣ ምርጫ አለ» ብሎ። እዚያ የግል መጦሪያ እናስገባቸው ባይ ነው። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱም እንደምታውቁት ነው። በገዛ ግቢያቸው መጸዳጃ ቤቱ የጠፋቸውን ሰው ወስጄ የማያውቁት አልጋ ላይ ላስተኛቸው? መቄዶንያን የመሳሰሉት ደግሞ የተቋቋሙት ጧሪ ላጡ ነው። እኔ እያለሁ የሌላውን ቦታ ልሻማ?

እዚህ ምርጫ ማለት ሠራተኛ መምረጥ ነው። እሷንም የሚያመጣው ደላላ ነው። ልጅቷ መጥታ ትለምዳለች፣ ትወዳቸዋለች። አንድ ቀን መቋሚያቸውን ራሳቸው አልጋ ሥር ይከቱትና «ይቺ ሌባ ወሰደችብኝ» ይሏታል። ስታለቅስ ትውላለች። ብዙም ሳትቆይ ጓዟን ጠቅልላ ትሄዳለች። እንዲህ ያለው ክስ የበሽታው ጠባይ እንደሆነ፣ ሠራተኛዋም ገና ስትገባ ሊነገራት እንደሚገባ ጽሑፋችሁ ውስጥ አንድ መስመር ፈልጋችሁ አሳዩኝ። ስለ አበባው እኮ ሙሉ አንቀጽ አላችሁ!

መጦሪያ ላለበት ከተማም ቢሆን ምክራችሁ ጎዶሎ ነው። ሌሊት ስንት ሰው ያድራል? «አልታጠብም» ብሎ እምቢ ያለን ሰው ምን ያደርጉታል? የሚያስተኛ መድኃኒት ሲሰጡ ማን አዞ ነው፣ ለቤተሰቡስ ይነግራሉ? ያስራሉ? ለጉብኝት የሚኬደውም አመሻሽ ላይ ነው፤ ጠዋትማ ብዙው ሰው ይረጋጋል።

ከሁሉም በፊት ደግሞ ምርመራ ይቀድማል። እኔን አንድ ክሊኒክ «ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ሸኝቶኛል። እርጅና ብቻውን እዚህ አያደርስም። ከመርሳት በሽታ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው አልዛይመር የሚባለው ዓይነት ነው። ደም ግፊትና ስትሮክ የሚያመጡትም አለ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ መዛባት፣ ድባቴ፣ ወድቆ ጭንቅላት ውስጥ የተጠራቀመ ደም ግን ይህንኑ መስለው ይመጣሉ፤ እነሱን ማከም ይቻላል። አንባቢያችሁ ታክመው ሊሻላቸው የሚችሉ እናቱን ይዞ የግቢ አበባ ሲያወዳድር ቢከርም እናንተ ምን ቸገራችሁ!

ያቺን ዓረፍተ ነገር አርሟት፤ እርማቱም ጽሑፉ የወጣበት ገጽ ላይ ይሁን። ጋዜጠኛ ወደ ጎንደር የምትልኩ ከሆነም ሲመሽ ይምጣ። ቀን ከመጣ የኔታ ዳዊት ሲደግሙ ሰምቶ፣ «ደህና ናቸው» ብሎ ጽፎ ነው የሚመለሰው።

አንዲት የጎንደር ነዋሪ