የጉድጓዳችንን ውጤት ለእኛ ስጡን

ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ
ኮምቦልቻ

ክቡር ኃላፊ፣

በአደባባይ የምጽፍልዎ በግል ያመለከትነው ሰሚ ስላጣ ነው። ደብዳቤያችን መዝገብ ቤት ገብቷል፣ ቁጥርም ተሰጥቶታል። መልስ ግን የለም።

ጉዳዩን ያውቁታል። ከሰፈራችን ከፍ ብሎ የቆዳ ማልፊያ ኬሚካል ሲራገፍበትና ዝቃጭ ሲደፋበት የኖረ ግቢ አለ። የአክስቴ ጉድጓድ ከአጥሩ ሥር ነው። ውሃው ቢጫ ቢጫ ማለት ሲጀምር ባለሙያዎቻችሁ መጡ፣ በሃይላንድ ቀድተው ሄዱ። ውጤቱ ሲመጣ ለማን ተሰጠ? ለግቢው ባለቤት። አክስቴ ሄዳ ብትጠይቅ «የመሥሪያ ቤት ሰነድ ነው፣ ለግለሰብ አይሰጥም» ተባለች።

ጉድጓዱን ያስቆፈረችው እሷ ናት። ለቡናውም፣ ለሶላት ውዱውም፣ ለልጅ ልጆቿም የምትቀዳው ከዚያው ነው። ውሃዋ ውስጥ ያለውን እንዲያውቅ የተፈቀደለት ግን በከለ ተብሎ የተከሰሰው ወገን ሆነ። ይህን ለሕሊናዎ እንዴት እንደሚያስረዱት አላውቅም።

ይባስ ብሎ አንዱ ባለሙያ «አፍልታችሁ ጠጡ» አለን። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ በቆዳ ማልፊያ ኬሚካል ውስጥ ያለውን ክሮሚየም የተባለ ንጥረ ነገር አያጠፋም። እንዲያውም ውሃው ሲተን ክሮሚየሙ በቀረው ውስጥ ይጠራቀማል። ለቆዳ ማልፊያ የሚገባው ክሮሚየም 3 የሚባለው ዓይነት ያን ያህል አደገኛ አይደለም። አፈር ውስጥ ማንጋኒዝ ሲያገኘው ግን ከፊሉ ክሮሚየም 6 ወደሚባለው ዓይነት ሊለወጥ ይችላል። ይሄኛው በውሃ ይሟሟል፣ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ይጓዛል፣ መርዛማም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የጠቅላላ ክሮሚየም ጣሪያ በሊትር 0.05 ሚሊ ግራም ነው። የእኛ ስንት ነው? ቢጫው ዝገት ይሁን ክሮሚየም የሚለየው ያ የከለከላችሁን ወረቀት ብቻ ነው።

ግቢው ደግሞ «ጸድቷል» ተብሏል። ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ያየውን ልንገርዎ። ሲኖትራክ ገረጋንቲ ደፋ፣ ሎደር ደለደለው፣ አለቀ። ከሥሩ አንድ አካፋ አፈር አልወጣም። ክረምት ሲገባ ዝናቡ በገረጋንቲው ሰርጎ ያንኑ አፈር እያጠበ ወደ ጉድጓዶቻችን ይወርዳል። የተበከለው አፈር እየተለካ፣ ንጹሕ እስኪገኝ ድረስ ተቆፍሮ መውጣትና ውሃ በማያሳልፍ ቦታ መቀበር አለበት። ከግቢው በላይና በታች የመከታተያ ጉድጓድ ካልተቆፈረ ብክለቱ የት እንደደረሰ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ከርሰ ምድር ውሃው ከተበከለ እየሳቡ ማከሙ ዓመታት ይፈጃል። ዝምታችሁ የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው።

በከተማችን ወንዞች ውስጥ ክሮሚየም እንዳለ ተመራማሪዎች ለክተው ካሳተሙ ቆይተዋል። የቦርከና ወንዝ ከዚህ ወርዶ ጨፋ ረግረግ ይደርሳል፣ ከብት ይጠጣዋል። ስለዚህ የአንድ ጉድጓድ ጉዳይ ብቻ ነው አይበሉን።

ሕጉን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብታችን ነው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የበከለ ሰው ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ብሎ በአንቀጽ 3 አስቀምጧል። ጊዜውን የሚወስነው መሥሪያ ቤቱ ነው። እናንተ ግን ቀን ቆርጣችሁ አላዘዛችሁም።

ውጤቱን ዛሬ ለአክስቴ ስጧት። አፈሩ እስኪወጣ ድረስም ለሰፈሩ በቦቴ ውሃ ይምጣ፤ ወጪው የበካዩ ይሁን።

በዚያው አዋጅ አንቀጽ 11 መሠረት አቤቱታችንን በ30 ቀን ውስጥ መወሰን ነበረባችሁ። አልፏል። ፍርድ ቤት የምንሄድበት 60 ቀን መቁጠር ጀምሯል፣ ማመልከቻውም እየተጻፈ ነው። ወረቀቱን ለእኛ ካልሰጣችሁን ለዳኛው ታቀርቡታላችሁ።

የኮምቦልቻ ነዋሪ